ለዘመዶች እንዲደርስ

መቱ፣ ሰኔ 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተስፋሚካኤል ገብረ መስቀል፤

ከባለቤትህና ከልጅህ ከሊቺ ጋር እንዴት ከረማችሁ? ያ የስዊድን ብርድ እንዴት አድርጓችኋል? እኔ እህትህ ቦጋለች የመድኃኔዓለም ቸርነት አልተለየኝም፤ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ እንዳልቀጥል ግን ደህና አይደለንም።

ለምን አልደወለችም ትል ይሆናል። ስልኬን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ልጄ አብነት ነው። መልእክት ሲመጣልኝ የሚያነብልኝ እሱ፤ ስደውል ደግሞ ሱቁ ሙሉ ሰው ይሰማል። ይህ ነገር ወደ እሱ ጆሮ እንዲገባ ስላልፈለግሁ እንደ ድሮአችን በወረቀት ጻፍኩልህ።

ግንቦት 9 ቀን ነው። አብነት የበየደውን የብረት በር ሁሩሙ ላለ ደንበኛ ሊያደርስ፣ ከሥራ ሸሪኩ ከኩመራ ጋር ሆነው አይሱዙ ላይ ሲጭኑ «ጎኔን!» ብሎ በሩን ለቀቀው። ኩመራ ቀልድ መስሎት «ሙሽራው ከአሁኑ ደከመው እንዴ?» ይለዋል። እሱ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ። ስደርስ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ሆዱ ተነፍቷል።

ሆስፒታል በአልትራሳውንድ አይተው ሆዱ ውስጥ ደም አለ አሉ። «ማን መታው?» ይሉኛል። ማንም አልመታውም! ደም ሰጡት፤ ሪፈር ተጻፈና በአምቡላንስ በበደሌ አድርገን ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ። እዚያ ዶክተር ነመራ የሚባል የጎሬ ልጅ ተቀበለን፤ ስሜን ሲሰማ «የመቷ ሰፊዋ?» አለኝ። የአገር ልጅ ማግኘቴ ብቻውን አስለቀሰኝ። ሲቲ ስካን ሲያነሡት ወደ ጣፊያው የሚሄደው የደም ሥር አብጦ ፈንድቷል። ሆዱን ሳይቀድዱ በብሽሽቱ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ እስከዚያው ገፍተው፣ የሚደማበትን ቦታ ፀጉር በምታህል የብረት ጥምጥም ደፈኑት። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ፣ ቱቦውን ሲያወጡ ብሽሽቱ ላይ ያለው ሥር ተቀደደ። እንደገና ሩጫ፣ እንደገና ደም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዶክተሩ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ወጣና «እናቴ፣ ክር አልይዝ ብሎን ነው የቆየነው» አለኝ።

እኔ ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሴት ነኝ። ክር የማይዝ ጨርቅ ምን እንደሆነ ሰው አያስረዳኝም፤ ያለቀ ጨርቅ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ምኑ ነው የሚያልቀው?

ዶክተር ነመራ ብቻዬን ወደ ክፍሉ አስገብቶ ነገረኝ። የደም ሥር ግድግዳ ከውስጥ የሚሳሳበት በሽታ አለ፤ ብዙ ሐኪም አንድም ቀን ሳያየው ጡረታ ይወጣል አለኝ። አንዳንዱ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ይመጣል፤ አንዳንዱ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። «ዘመዶችሽን አጥብቀሽ ጠይቂ» ብሎ አሰናበተኝ።

ያን ጊዜ አባባ ትዝ አለኝ። አንተ የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበርክ አታስታውስም፤ ሁሩሙ ገበያ ላይ ሆዱን ይዞ እንደ ወደቀ ነው የቀረው። ምች ነው ብለው ቀበሩት። ቀጥሎ አንተ ትዝ አልከኝ። በ2007 ዓ.ም. ሆስፒታል የተኛኸው እውነት በሐሞት ጠጠር ነበር?

አብነት ምንም አያውቅም። ብረት በማንሣትህ ነው ብለነዋል። ሠርጉ ጥር 19 ነው፤ ሙሽራይቱ ጃለኔ የሁሩሙው ንብ አናቢ የኦቦ ፉፋ ልጅ፣ አስተማሪ ናት፤ የተባረከች ልጅ። ወንድሜ፣ መልሱን አታዘግይብኝ። በልጄ ነው የጠየቅሁህ።

እህትህ ቦጋለች


ዩተቦሪ፣ ስዊድን፣ ነሐሴ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ በእናት ምትክ ላሳደግሽኝ ለእትዬ ቦጋለች፤

አምላከ ቅዱሳን ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ቤትሽን በሰላም ይጠብቅልኝ። እኔ፣ ባለቤቴና ሊቺ በፈጣሪ ቸርነት አለን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐምሌ 14 ቀን ነበር። ምላሼ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ በዚህ ወራት ባልደረቦቼ ለእረፍት ስለሚወጡ የእነሱንም ትራም የምነዳው እኔ ነኝ።

በአብነት ላይ የደረሰውን ሳነብ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ሐኪሞቹን እግዚአብሔር ይባርካቸው። ለጠየቅሽኝ ጥያቄ፣ የእኔ እንደ ነገርኳችሁ የሐሞት ጠጠር ነበር፤ እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚይዘው ቀላል ነገር ነው። አባባንም ቢሆን በጊዜው የነበሩ አዋቂዎች ምች ነው ብለዋል፤ ዛሬ ያን መቀስቀስ ለማንም አይበጅም።

ሆኖም እንደ ታናሽ ወንድም የምለምንሽ አለ። ልጁ ከባድ ነገር ፈጽሞ አያንሣ፤ ኳስም አይጫወት። ሆዱን ወይም ወገቡን ድንገት ቢያመው ጨጓራ ነው ብላችሁ አንዲት ሰዓት አታቆዩት። ማንም ሐኪም በችኮላ ዳግም በብሽሽቱ እንዳይገባ፤ መግባቱ የግድ ከሆነም ሥሩን ገልጠው በዓይናቸው እያዩ ይሁን። ለደም ግፊት የሚሰጥ ኪኒን አለ፤ ግፊት ለሌለበትም ሥሩ እንዳይወጠር ይረዳል። ስሙን በትንሿ ወረቀት ጽፌ አያይዤልሻለሁና ዶክተር ነመራን አማክሪው። መጀመሪያ ላይ ራስ ያዞራል፤ በተለይ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ይተዋል።

ለሊቺ የአብነትን መታመም አልነገርኳትም፤ ልጅ ናት፣ ትጨነቃለች። ለሙሽሮቹ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

አክባሪ ወንድምሽ ተስፋሚካኤል


መቱ፣ መስከረም 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ተስፋሚካኤል፤

ለአዲሱ ዓመት እንኳን አደረሰህ። ሌላ ሰላምታ የለኝም።

«ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ራስ ያዞራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ይተዋል።» ማንን ነው ያዞረው? ማን ነው ሁለተኛ ሳምንት የደረሰው? ይህን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ብነግርህ ታፍራለህ። ትራም ነጂ ነህ እንጂ ሐኪም አይደለህም። ሥሩን ገልጠው በዓይናቸው እያዩ ይግቡ የሚለውን የት ተማርከው? ትራም ላይ?

ንፍጥህን በቀሚሴ ጠርጌ ነው ያሳደግሁህ። ስትዋሽ ድሮም ቃልህ እንደ ሰባኪ ያምራል፤ «ለማንም አይበጅም» ስትል ያኔውኑ አወቅሁህ። እንዴት ሆድህ ቻለ? እኔ አዲስ አበባ ኮሪደር ላይ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኬ የልጄን ነፍስ ስለምን፣ አንተ መልሱን ኪስህ ይዘህ ትራም ትነዳ ነበር?

ኪኒኑን አልገዛሁም። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ለልጄ አላጎርሰውም። አሁን እውነቱን ጻፍ። አታሳምረው።

ቦጋለች


ዩተቦሪ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፤

ከእግርሽ ሥር ወድቄ ነው የምጽፈው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ አንቺ ይቅር እንድትዪኝ ግን ለመለመን አፍ የለኝም።

የሐሞት ጠጠር አልነበረም። በ2007 ኅዳር ላይ ትራሙን የመጨረሻው ፌርማታ አድርሼ ልወርድ ስል ወገቤን እንደ ጩቤ ወጋኝ። ወደ ኩላሊቴ የሚሄደው የደም ሥር ነበር የፈነዳው። አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ደሜን ወስደው ከወራት በኋላ ጠሩኝና አንዲት ሴት ሐኪም በአስተርጓሚ ነገረችኝ። አብሮ የሚወለድ ነው፤ የደም ሥሮቼ ግድግዳ ሲፈጠር ጀምሮ ስስ ነው። ከአባቴ ወይም ከእናቴ ወርሼዋለሁ። ወንድምና እህት ካለኝ፣ ለእያንዳንዳቸው የመኖሩም ያለመኖሩም ዕድል እኩል ነው። ልጅም እንዲሁ። ቀድሞ የታወቀ እንደሆነ መድኃኒት አለው፣ በየጊዜው ምርመራ አለው፤ ከሁሉም በላይ ሐኪሞቹ ሰውነቱን እንዴት እንደሚነኩት ያውቃሉ።

እዚህ አገር ሐኪሟ ለዘመዶቼ በራሷ ልትጽፍ አይፈቀድላትም፤ የሚያደርሰው በሽተኛው ነው። «ለዘመዶች እንዲደርስ» የሚል ርእስ ያለው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጽፋ ሦስት ቅጂ ሰጠችኝ። አንዱን ለአንቺ በፖስታ አሸግሁት፤ ቴምብርም ለጠፍኩበት።

ለምን እንዳልላክሁት ልንገርሽ። በዚያው ሳምንት የአንቺ ደብዳቤ መጣ። የጎረቤታችን ልጅ አጎቷ የሚጥል በሽታ አለበት ተብሎ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው እንደሄዱ፣ ልጅቱ እንደቀረች ጽፈሽልኝ ነበር። ከሥሩ «የእኛ ዘር ግን ንጹሕ ነው፤ ተመስገን፤ አብነቴን ማንም አይመልስብኝም» የሚል አለበት። ደብዳቤሽ አሁንም አለኝ። እትዬ፣ ያን አንብቤ ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። መቱ ላይ ምርመራው የለ፣ መድኃኒቱ የለ፤ ቢያውቁ ምን ይጠቀማሉ፣ ከሚጨነቁ ይተኙ አልኩ። ለራሴ እንዲህ እያልኩ ስምንት ዓመት አለፈ። አብነት ላይ ይወርዳል ብዬ ያሰብኩባቸው ቀኖች ነበሩ። አልዋሽሽም፣ ነበሩ።

ለሊቺም አልነገርኳትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የእጅ ኳስ ተጫዋች ናት፤ ከዚያ ሌላ ሕይወት የላትም። ፈተናዋን ትጨርስ እያልኩ ነው።

ደብዳቤውን ይኸው አሁን ልኬልሻለሁ። ለዶክተር ነመራ ስጪው። አንቺም ተመርመሪ እትዬ፤ በአብነት ላይ የወረደው በአንቺ በኩል ነውና።

ተስፋሚካኤል


መቱ፣ ኅዳር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ተስፋሚካኤል፤

ጭራሽ በእኔ ልታላክክ! እኔ በጻፍኩት አንድ መስመር ነው ልጄን የሸጥከው? ዘሬ ንጹሕ ነው ያላለች የትኛዋ እናት ናት? ያላወቅሁትን ነው ያልኩት። አንተ ግን አውቀህ፣ ቴምብር ለጥፈህ፣ መልሰህ ቆለፍክበት። ያን ቴምብር መለጠፍህ ነው የሚያንገበግበኝ። ባታስበው ኖሮ ዘነጋ እል ነበር።

ፖስታው በደረሰኝ ቀን ሱቁን ዘግቼ ዋልኩ። ኡርጌ የተባለች ጎረቤቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ነጠላ ዘቅዝቃ መጣች። ምን ልበላት? ወንድሜ ሞተ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

አሁን ደግሞ የራሴን ስማ፤ ለማን እነግረዋለሁ። አዲስ አበባ ቱቦውን ሊያስገቡለት ሲሉ ዶክተር ነመራ አልጋው አጠገብ ጠየቀኝ። «ከቤተሰብ ድንገት የሞተ፣ ሆዱ ውስጥ የደማ፣ የደም ሥር ሕመም ያለበት ሰው አለ?» አለ። አባባ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ስል ኦቦ ፉፋ ከአልጋው ማዶ ቆመዋል። ከሁሩሙ ድረስ ልጄን ሊጠይቁ በአውቶቡስ መጥተው፣ ማሩን በጀሪካን ይዘው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። የአማች ዓይን ነው። «የለም፤ ዘራችን ንጹሕ ነው» አልኩ። ሽማግሌ ፊት እንደሚባለው፣ ምላሴ ላይ እንዳለ፣ ሳላስብ ነው የወጣው። ዶክተሩም አምኖኝ እንደ ሌላው ሰው አድርጎ ገባ። ከዚያ ብሽሽቱ ተቀደደ። በኋላ ብቻዬን ሲጠራኝም አባባን አልነገርኩትም፤ ዋሽተሽ ነበር እንዳይለኝ ፈራሁ።

ስለዚህ አንተን ስረግም ግማሹ ወደ እኔ ይመለሳል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም እረግምሃለሁ።

አሁን የምልህን ስማ። ለሠርጉ ሰባት ሳምንት ቀረው። ጥሪው ተበትኗል፣ ቀሚሷን ራሴ ሰፍቼ ጨርሻለሁ። ከተሰማ ይፈርሳል። ለአብነት ብነግረው በዚያው ቀን ለጃለኔ ይነግራታል፤ ልጄን አውቀዋለሁ፣ ሆዱ ነገር አይቋጥርም። በሦስት ወር ተመለሱ ያለበትን የቀጠሮ ካርድ ከሆስፒታሉ ወረቀት ጋር እኔ ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ ሲጠይቀኝ ዶክተሩ ውጭ አገር ሄዷል እለዋለሁ። ብረት እንዳያነሣ ደግሞ ስለት አለብህ ብዬ ይዤዋለሁ፤ እየሳቀብኝም ቢሆን ይሰማኛል።

እስከ ጥር 19 ብቻ ነው። ቄሱ ይባርኳቸው፣ ከዚያ በእጁ ይዤ ራሴ ለነመራ አስረክበዋለሁ፣ ያንተንም ወረቀት እሰጣለሁ። እስከዚያ ብትደውል ለእሱ ትንፍሽ እንዳትል። ስምንት ዓመት ችለህ የለ? ሰባት ሳምንት አያቅትህም።

ቦጋለች


ዩተቦሪ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ቦጋለች፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ፍርሃትሽ ገብቶኛል፤ እንዳልሽው ይሁን። አብነት ከትናንት ወዲያ ደውሎ «ጋሼ፣ ለሠርጌ አትመጣም ወይ?» ሲለኝ ስለ ቲኬት ብቻ ነው ያወራሁት። ድምፁ ደስ የሚል ነበር።

ውለታ ለመለስኩ ያህል እኔም አንድ ልለምንሽ። የሊቺ ነገር በእኔ ይቆይ። በእናንተ በኩል ምንም እንዳትሰማ። ሰኔ ላይ ትጨርሳለች፤ ያን ጊዜ አስቀምጬ እነግራታለሁ። ሠርጉን እግዚአብሔር ያሳምረው።

ተስፋሚካኤል


መቱ፣ የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ተስፋሚካኤል፤

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው እኔ አብነት ነኝ፤ እናቴ መጻፌን አታውቅም። ከእርስዎ የመጣው የታኅሣሡ ደብዳቤ ጥር 28 ቀን ደረሰ፤ ፖስታ ቤት ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከፍቼ አንብቤ ለእናቴ ሰጥቻታለሁ። ሌሎቹን ከዚያ በፊት ነው ያነበብኳቸው፤ እንዴት እንዳነበብኳቸው ልንገርዎ።

ጥር 13 ቀን፣ ለሠርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ለእኔና ለጃለኔ የበየድኩትን አልጋ ወደ ተከራየነው ቤት ለመውሰድ ከኩመራ ጋር አነሣሁት። እናቴ ስለት አለብህ ብላኝ ነበር። ስለት መሆኑን አምኜ ቢሆን ኖሮ እንኳ ለአልጋዬ አፈርሰዋለሁ፤ ግንቦት ላይ በሩ ስለከበደህ ነው ተብያለሁ፣ አልጋው ደግሞ ቀላል ነው፤ የሞት ነገር መሆኑን የነገረኝ የለም። በሩ ላይ ስደርስ ያው የግንቦቱ ሕመም መጣ።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛው ሐኪም ጠባሳዬን አይቶ «የበፊቱ ወረቀት የታለ?» አለ። እናቴ ከራስጌዬ ናት። ኦቦ ፉፋና ጃለኔ ከግርጌዬ ናቸው። «ወረቀት የለም፤ አዲስ አበባ ቀርቷል» አለች። ሐኪሙ ደግሞ ጠየቃት። «ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ ሰው አለ?» «የለም፤ ማንም የለም» አለች። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር እንጂ ጆሮዬ ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ ውሸት መሆኑን አላወቅሁም። በኋላ ግን የእርስዎ ደብዳቤ ኅዳር ላይ እንደደረሳት፣ አንብባ እንደደበቀችው፣ ያን ሁሉ እያወቀች የለም እንዳለች ሳውቅ፣ ከሆዴ ሕመም በላይ ያ ነው ያመመኝ። እኔ እዚያው አልጋ ላይ እየደማሁ ነበር እኮ! ልጇ ነኝ።

ያዳነችኝ ጃለኔ ናት። እናቴ ዓይኗን ስታሸሽ አየቻትና ባጃጅ ይዛ ወደ እናቴ ሱቅ ሄደች። እናቴ ዋጋ ያለውን ሁሉ የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ እንደምታስቀምጥ ታውቃለች። የሪፈር ወረቀቱ፣ የቀጠሮ ካርዱ፣ እርስዎ «ለዘመዶች እንዲደርስ» ብለው የላኩት፣ የእናንተ ደብዳቤዎች፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። እናቴ የምትልክልዎትን ሁለት ጊዜ ነው የምትጽፈው፤ ረቂቁም አብሮ ነበር። ጃለኔ ወረቀቱን ኮሪደሩ ላይ እየተራመደች ለሐኪሙ አነበበችለት። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ኦቦ ፉፋ በኦሮምኛ «ማል ጎኔ?» አሉ፤ ምን በደልናችሁ ማለታቸው ነው። እርስዎ የመቱ ልጅ ስለሆኑ ሳልተረጉምልዎም ይገባዎታል። ለእናቴ ነበር የተናገሩት፤ ግን የእርስዎም ጥያቄ ነው።

ሐኪሙ ወዲያው ለዶክተር ነመራ ደወለ። ዶክተር ነመራም አትቅደዱት፣ ሆዱን ደጋግማችሁ አትጫኑት፣ ደም እየሰጣችሁ ግፊቱን ዝቅ አድርጋችሁ አምጡት አለው። አሥር ሰዎች ደም ሰጡኝ፤ ሦስቱ ከኦቦ ፉፋ ቤት ናቸው። አዲስ አበባ በብሽሽቴ ሲገቡ እርስዎ በነሐሴው ደብዳቤ እንደጻፉት ሥሩን ገልጠው በዓይናቸው እያዩ ነው የገቡት። ወደ ጉበቴ የሚሄደው ሥር ነበር የደማው፤ ደፈኑት። ሲወጡም ክሩ እንዳይቀደው በትንሽ ጨርቅ ደግፈው ሰፉት። ክሩ ያዘ። ዶክተር ነመራ ጠባሳዬን እያየ «ይህን ወረቀት በግንቦት አግኝቼው ቢሆን…» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔ ግን ጨርሼዋለሁ።

ሠርጉ በቀኑ አልሆነም። ኦቦ ፉፋ የተኛሁበት ክፍል ድረስ መጡ፤ በሽታው አላስፈራቸውም፤ «ብትነግሩን ኖሮ ቁጭ ብለን እንመክር ነበር። አሁን ሌላ ያልነገራችሁን ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?» ነው ያሉት። ጃለኔ እየመጣች ትጠይቀኛለች፤ ፍራፍሬ ታመጣለች፣ ቁጭ ትላለች። ስለ ሠርግ አታነሣም። እኔም አላነሣሁም። ልትወልድልኝ የምትችለው ልጅ ምን ይዞ ሊወለድ እንደሚችል ዶክተር ነመራ ራሱ ለሁለታችን አስረድቶናል፤ ከዚያ በኋላ የምትወስነው እሷ ናት።

ከእናቴ ጋር አንድ ቤት ነው ያለነው። ሻይ ታቀርብልኛለች፣ እጠጣለሁ። «ለአንተ ብዬ ነው» ትላለች። እሷም በሽታው አለባት ማለት ነው፤ ምርመራ አልሄድም ብላለች። የሚመጣው ሳምንት እወስዳታለሁ፤ ብታለቅስም ትሄዳለች።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ጋሼ፣ በታኅሣሥ ስደውልልዎ ስለ ቲኬት ነበር ያወሩኝ። ስልኩን ይዤ ስስቅ ነበር። ብድግ ብለው «አብነት፣ ምንም ነገር አታንሣ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ምክንያቱን ባይነግሩኝ እንኳ አልጋውን ኩመራ ከሌላ ሰው ጋር ያነሣው ነበር። ይህን እያሰብኩ ይቅር ልልዎ ሞክሬ አልቻልኩም። ወደፊት እችል እንደሆነ አላውቅም።

በመጨረሻው ደብዳቤዎ እናቴን አንድ ነገር ለምነዋታል። ሊቺ ከእኛ በኩል ምንም እንዳትሰማ ብለው። እናቴ ቃል ገብታልዎት ይሆናል፤ እኔ ግን አልገባሁም። ሊቺ የምሠራቸውን በሮች ፎቶ ፌስቡክ ላይ እያየች አስተያየት ትጽፍልኛለች፤ ባለፈው ቅዳሜ የራሷን ለጠፈች፤ ለኳስ ዘላ በጎኗ ስትወድቅ። ሰኔን መጠበቅ አልቻልኩም። ስምንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጡትን ወረቀት ፎቶ አንሥቼ ዛሬ ጠዋት ላክሁላት። የእኔንም ጠባሳ ላክሁላት። በአራት ደቂቃ ውስጥ አነበበችው። «ይህ ስለ ማን ነው?» አለችኝ። «ስለ አባትሽ፣ ስለ እኔ፣ ምናልባትም ስለ አንቺ ነው። እስክትመረመሪ ኳሱን ተዪው» አልኳት።

ይህ ደብዳቤ አምስት ሳምንት ይፈጅበታል። እርስዎ እጅ ሲገባ እሷ ጠይቃዎት ጨርሳለች። እውነቱን ነግረዋት ከሆነ ይጻፉልኝ። ካልነገሯት አይጻፉ፤ እኔ ነግሬያታለሁ።

አብነት